የስኳር ቀዳዳ

የእኔ ባል ብየዳ የጀመረው በስልሳ ዓመቱ ነው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ዕድር ይዳኛል፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የመጣውን የሄደውን ያማል። መምህር ዘመድኩን ግን ቡታጅራ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጠመኔውን ባስቀመጠ በሳምንቱ ከአዲስ አበባ የብየዳ ማሽን በአውቶቡስ አስጭኖ መጣ።

"ምን ልትሆን ነው?" አልኩት።

"ልበይድበት ነዋ፣ ዓለምዘውድ። ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ የጻፍኩት በዳስተር ተጠርጎ አልቋል። አንድ የማይጠረግ ነገር ልሥራ።"

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አፍ እንዲህ ሲቀባጥር ማን ልብ ይላል!

ወርክሾፕ ያደረገው ከቤታችን ጀርባ ያለውን መጋዘን ነው። አባቱ የማረቆ በርበሬ ያከማቹበት የነበረ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል፣ መስኮት የሚባል የለውም። ዛሬም ድረስ ውስጡ ሲሞቅ ከግድግዳው የበርበሬ ሽታ ይነሳና ያስነጥሳል። እዚያ ውስጥ ቱታውን ለብሶ፣ ማስኩን ደፍቶ ይውላል። እኔ ከውጭ ሆኜ የማየው በበሩ ሥር የሚብለጨለጨውን ብርሃን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሠራው ወንበር ነው። አነከሰ። ሳላሀዲንን ጠርቶ አሳየው። ሳላሀዲን መናኸሪያው ጀርባ ትልቅ የብየዳ ቤት ያለው ጎበዝ በያጅ ነው፤ ልጅ ሆኖ ደግሞ የዘመድኩን ተማሪ ነበር። ወንበሩን ገልብጦ የተበየደውን አየና፣ "መምህር፣ 'ደብተርህን ዶሮ የጫረው ይመስላል' ይሉኝ አልነበር?" አለ። "ይሄ ደግሞ የዶሮዋ ኩስ ነው።"

ሁላችንም በሳቅ ሞትን። ዘመድኩንም ሳቀ፤ ግን ባሌን አውቀዋለሁ፣ ያ ሳቅ ከጥርስ አላለፈም። ከዚያ ቀን በኋላ አራት ዓመት ሙሉ የበየደው ለእኔ አልነበረም፣ ለቤቱም አልነበረም። ለሳላሀዲን ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ዘመድኩን ስኳር አለበት። ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ይወጋል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ስኳር ሲጨምር ነው፤ እኔ የምፈራው ሲወርድ ነው። መርፌውን ወግቶ ምግብ ካልቀመሰ ይወርድበታል። መጀመሪያ ያልበዋል። ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው እልኸኛ ይሆናል፣ ያሉትን አይሰማም። ከዚያ ይወድቃል። ሁለት ጊዜ ከወለል ላይ አንስቼዋለሁ፤ ስኳር በጣቴ ድዱ ላይ አሽቼ ነው የመለስኩት። "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ" ብሎኛል ሐኪሙ፣ ቀሪውን ሳይጨርስ። ስለዚህ ሌላዋ ሴት በነጠላዋ ጫፍ ብር ስትቋጥር እኔ በላስቲክ የጠቀለልኩትን ስኳር እቋጥራለሁ። ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም ስሄድ አይለየኝም።

አምና ቡኢ ከተማ ሠርግ ተጠርተን ሄድን። ስንመለስ ሌባ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ገልጦ ገብቶ ማሽኑንም ብረት መቁረጫ ግራይንደሩንም ወስዶታል።  ዘመድኩን በአራተኛው ቀን አዲስ ማሽንና አዲስ ግራይንደር ገዛና ከጣሪያው ሥር የፌሮ ብረት እንደ ወንፊት አጠላልፎ በየደ፤ ድመት አያሾልክም። ቀጥሎ ወደ በሩ ዞረ።

ሦስት ወር ሙሉ በር ሠራ! ላሜራ በሁለት በኩል፣ መሃሉ አንግል ብረት፣ ማጠፊያው ውስጥ ለውስጥ የተደበቀ፣ መቃኑ በፌሮ ከግንቡ ጋር የተያያዘ። ሲወጣ በውጭ በኩል ጓጉንቸር ያንጠለጥልበታል። ውስጥ ሲሆን ግን አንድ እጀታ ወደ ታች ይጫናል፤ ያን ጊዜ አራት መቀርቀሪያ ባንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይገባል። ራሱ ነው የፈለሰፈው።

"አሁን ከውጭ ሆኖ የሚከፍተው የለም" አለኝ በሩን እየደበደበ። "እኔ ራሴ አልከፍተውም።"

"ውስጥ ሆነህ ምን ያስቀረቅርሃል?"

"ማስክ አጥልቄ፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ ከኋላዬ ማን እንደገባ በምን አውቃለሁ? ደግሞ የሰፈሩ ልጆች እሳቱን ለማየት እየመጡ ዓይናቸውን ያጠፋሉ።"

"እሺ፣ እኔስ?"

"ታንኳኪያለሽ፣ እከፍትልሻለሁ።"

"ወድቀህ ከሆነስ?"

በሩን በመዳፉ ዳበሰው። የሒሳብ መምህር ነው፤ የጠየቅሁት ጥያቄ መልስ እንደሌለው ገብቶታል። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በማግስቱ ጠራኝና በሩ ላይ፣ በትከሻዬ ልክ፣ ብርጭቆ የምታሾልክ ቀዳዳ ቆርጦ አሳየኝ። ጠርዟን በሞረድ አለስልሷታል፣ እጄን እንዳትቆርጠኝ።

"ይኸውልሽ፣ የስኳር ቀዳዳ" አለኝ። ደስ ብሎታል!

ክንዴን እስከ ብብቴ አስገባሁ። ጣቶቼ አየር ጨበጡ፤ እጀታውንም ሌባ በሽቦ እንዳይስበው ከላይ በላሜራ ከልሎታል። "ከበሩ ሥር ብትወድቅ አልደርስብህም፤ ራቅ ብትልም አልደርስብህም። ይሄ ቀዳዳ አንተን ለማየት ነው እንጂ ለማዳን አይደለም" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ሟርት ትወጂያለሽ" አለና ማስኩን ደፋ።

ስለዚህ ስምምነት ተዋዋልን። በየግማሽ ሰዓቱ በማንኪያ በሩን እመታለሁ፤ እሱ በመዶሻ ሁለቴ ይመልሳል። ኳ፣ ኳ። ያቺ ድምፅ እንጀራዬ ሆነች። ስትዘገይ የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ፣ ስትመጣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ጎረቤቴ ሳሌሃ "እናንተ ቤት ሁልጊዜ የሚንኳኳው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "የባሌ ትንፋሽ ነው" አልኳት። ቀልድ መሰላት።

የገበያ ቀን ነበር። ዘመድኩን በማግስቱ ሳላሀዲን በሩን ሊያይለት ቀጥሮለት ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው። ጠዋት መርፌውን ሲወጋ አይቻለሁ። ቆጮውን ከጎመን ጋር አቅርቤ ከደንኩለት።

"ብላ፣ በሞቴ፣ ከዚያ ትሄዳለህ።"

"ቁጭ ልል ነው፣ ሂጂ አንቺ። አንዲት ብየዳ ቀርታኛለች፣ ከበላሁ በኋላ እሷን እጨርሳለሁ።"

አመንኩት። ገበያ ሄድኩ፣ ከአንዷ ጋር አወራሁ፣ ከሌላዋ ጋር ተከራከርኩ፣ ቆየሁ። መቆየቴን እስክሞት አልረሳውም። ስመለስ ሳህኑ እንደ ከደንኩት ነበር። ክዳኑን አነሳሁት፤ ጫፉን እንኳ አልነካውም።

ዘንቢሉን ጥዬ ሮጥኩ። መብራት ሄዷል፣ ማሽኑ ዝም ብሏል፣ በሩ ሥር ምንም አይብለጨለጭም። በማንኪያው መታሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ደገምኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ መዶሻው መለሰልኝ፤ ኳ። ኳ። ኳ። ኳ። አላቆመም። መቁጠር ጠፍቶበታል፣ ያ የቁጥር ሰው።

በቀዳዳዋ አየሁት። ጣሪያው ላይ ከቆርቆሮው መሃል በገባች ግልጽ ፕላስቲክ ብርሃን ይገባል። አራት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ለጠረጴዛው ሰጥቶ መሬት ተቀምጧል። ማስኩ ጉልበቱ ላይ ነው። ፊቱ በላብ ተነክሯል።

"ዘመድኩን! ክፈትልኝ!"

"አይከፈትም" አለ። ፈገግ ብሎ። "ከውጭ የሚከፍተው የለም።"

"አንተ ክፈተው እንጂ! እጀታውን ወደ ላይ ሳበው!"

"ሳላሀዲን ነገ ነው የሚመጣው" አለኝ በቁጣ። "ነገ ነው፣ ሂጂ!"

ነጠላዬን በጥርሴ ፈትቼ የስኳሩን ቋጠሮ በላስቲኩ እንዳለ በቀዳዳዋ ወረወርኩት። እግዜር ይመስገን፣ ጉልበቱ ላይ ወደቀለት። አነሳው። አገላብጦ አየው።

"ብላው! አፈር ስሆን፣ ብላው! በሞቴ!"

ሰው ቤት ስንት ጊዜ እንዲህ ብያለሁ፣ ለጠገበ እንግዳ፣ ለሚግደረደር አማች። ይሄ ቃል እውነት ሊሆንብኝ እንደሚችል አስቤም አላውቅ። ዘመድኩንም እንደ እንግዳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረልኝ።

"በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ" አለኝ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

ስኳሩን ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው። ኪሱን መታ መታ አደረገው፣ እንዳይወድቅበት። ከዚያ ወደ ጎኑ ተጋደመ፤ እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ጮኽኩ። ሳሌሃ ሮጣ መጣች፣ ከኋላዋ ሰፈሩ ሁሉ። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ገለጠና ፌሮውን አይቶ "ኧረ ይሄ እስር ቤት ነው!" አለ። ሁለቱ በድጅኖ መቃኑን ወጉት፣ ድጅኖው ተጣመመ። ግንቡን ለመናድ ሞከሩ፤ የአባቱ ግንብ ነው፣ ፍንካች አላለም። እኔ አጥር ሥር ከተጋደሙት ፌሮዎች አንዱን አንስቼ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ አስሬ፣ ማር ነክሬ በቀዳዳዋ አስገባሁ። ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ማሩ በጢሙ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ፈሰሰ። አፉ አልተከፈተልኝም፤ ጥርሱን ነክሷል።

ሳሌሃ ደውላ ነርስ መጣች። ጉሉኮሷን ይዛ፣ መርፌዋን ይዛ፣ ከእኛ ጋር በሩ ላይ ቆመች። "ክንዱን ካገኘሁ በደቂቃ ይነቃል" አለች። በደቂቃ!

ግራይንደር ያስፈልጋል። የሰፈሩ ግራይንደር ዘመድኩን እግር ሥር ነው፣ በቀዳዳዋ ይታየኛል። ሳላሀዲን ተጠራ። የሱ አለ፣ መብራት ግን የለም፤ ጀነሬተሩ ደግሞ ቤንዚን አልነበረውም። ከባጃጆች እየቀዱ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ሞልተው አመጡት። እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በማንኪያው በሩን መምታት አላቆምኩም። የሚመልስልኝ አልነበረም፤ ደረቱ ግን ከፍ ዝቅ ይል ነበር፣ በጣም በቀስታ።

ሳላሀዲን እጅጌውን ሰበሰበ። ግራይንደሩን አስነስቶ በማጠፊያው በኩል ላሜራውን መቁረጥ ጀመረ። እሳቱ ፊቱ ላይ ይረጫል፣ መነጽር እንኳ አላደረገም። የመጀመሪያው መቁረጫ ዲስክ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። የውጭውን ላሜራ ቆርጦ ገለጠና አንግሎቹ የተጋጠሙበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሦስተኛውን ዲስክ እየቀየረ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ለማንም አልነበረም ያወራው፤ ሙያ ነው ያናገረው።

"ወላሂ፣ ምን ዓይነት እጅ ነው! እኔ እንዲህ አድርጌ አልበየድኩም። እጁ ይባረክ።"

ከዚያ የተናገረውን ሰማውና አፉን በእጁ ያዘ።

እኔ ግን ያን በር የምጠላው ሴትዮ፣ ገፍትሬው አልፌ አፌን ቀዳዳዋ ላይ ደፋሁ። ስኳሩ አልደረሰለትም፣ ማሩ አልደረሰለትም፤ ይሄ ይድረስለት ብዬ።

"ዘመድኩን! ሰማህ? ሳላሀዲን ነው! የዶሮ ኩስ አይደለም አለ! እጁ ይባረክ አለህ፣ ሰማህ? ተነስና ስማው፣ በሞቴ!"

የጣቱ ጫፍ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ። ሳሌሃ አላየሁም ትላለች። እኔ አይቻለሁ።

ግራይንደሩ እንደገና ጮኸ። ሦስተኛው ዲስክ አለቀ፣ አራተኛው ግማሽ ላይ ደረሰ፣ ያን ጊዜ በሩ ወደ ውስጥ ዘመመና ወደቀ። ነርሷ ተንደርድራ ገብታ ክንዱን ያዘች። አንገቱን ዳሰሰች። ዓይኑን ገልጣ አየች። ከዚያ ጉሉኮሷን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ከጎኑ ቁጭ ብዬ እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ስኳሩ እዚያው ነበር። ቋጠሮው አልተፈታም።