የጥፍጥፉ ሆድ

የሹፌሩ ሚስት ሱቄ የመጣችው ጠርጥራ አልነበረም። ሰፈሩ አሁን እንደዚያ ያወራል፤ ያውራ፣ አፍ ዳገት አይፈራም። ሴትዮዋ የመጣችው ጥፍጥፍ ወርቋን ለሁለት እንድቆርጥላት ነው። እኔን ብላ፣ ማኅተሜን አምና ነው የመጣችው። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወርቅ እየገዛ እኛ ዘንድ ያስቀምጥ ነበር፤ ሲጠራቀም አቅልጠን አንድ ጥፍጥፍ አወጣንለት። «ለሴት ልጆችህ ሀብል ይሻል ነበር፤ እኔም እጄን ላሳይ» ብለው ሳቀብኝ። «ሀብሉ ሲሸጥ የእጅሽን ዋጋ ማን ይመልስልኛል? ደግሞ የሷ ያምራል፣ የኔ ያምራል ብለው ይጣሉብኛል። ጥፍጥፍ ግን ግራሙና ካራቱ ነው፤ እኩል ይቆረጥላቸዋል።» እውነቱን ነው። ጥፍጥፍ አያምርም፣ አይለበስም። ነገር ግን የታመነ ማኅተም ካለበት የትም ይዘኸው ብትሄድ፣ መቼም ብታወጣው ወርቅ ነው። ገንዘብ ሲረክስ እሱ አይረክስም። ያ የታመነ ማኅተም ደግሞ የኔ ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት።

ምድጃው ላይ ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ታናሼ ልበለው እንጂ ልጄ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበር፤ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ፣ ሙያ ያስተማርኩት እኔ። እሱን ሳሳድግ ለትዳርም ሳልደርስ ቀረሁ፤ አልቆጨኝም። እሱ ያቀልጣል፣ ያፈሳል፤ እኔ እፈትናለሁ። ጥፍጥፉ ሲቀዘቅዝ ጠርዙን መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሸዋለሁ፣ ጭረቱ ላይ አሲድ ጠብ አደርጋለሁ፣ እመዝናለሁ። ሁሉም ልክ ከሆነ ማኅተሜን እመታበታለሁ። ሆዱን ግን ማን ያያል? የሰው ሀብት ተቀዶ አይታይም። ደግሞስ ያፈሰሰው ወንድሜ አይደል?

ሴትዮዋ ጥፍጥፉን ከመሀረብ ፈትታ ሰጠችኝ። ሁለቱ ልጆቿ አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትልቋ የስፌት መኪና ልትገዛበት ነው፣ ትንሿ ትምህርቷን ልትጨርስበት። ከዚህች መዳፍ ከምታህል ወርቅ ሌላ አባታቸው የተወላቸው ነገር የለም። መሃሉን ለክቼ አሰመርኩ፤ መቀጥቀጫው ብረት፣ መስፉ ላይ አስቀምጬ መሮውን ደገንኩ።

ወንድሜ ከጓዳ ወጣ። «እትዬ፣ ምን ያስቆርጥሻል? ይሸጥና ገንዘቡን ይካፈሉ።»

«አባታቸው ይቆረጥ ብሏል፣ ይቆረጣል። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጠበቃ የሆንከው?» ብዬ አሾፍኩበት። ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ እኔ ደግሞ ምሳ ስላልበላ ነው ብዬ አለፍኩት። ጅል!

ንጹህ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ መሮ ሲያርፍበት እንደ ሳሙና ይገባል። እንደዚያው ገባ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ደገምኩት፣ እጄን ነዘረኝ። «ይሄ የማይረባ መሮ!» ብዬ ሰደብኩና አዲሱን አመጣሁ። ባለ በሌለ ኃይሌ ብመታው የመሮው ጫፍ ተሸርፎ ወለሉ ላይ ተፈናጠረ።

ያኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቢጫው ውስጥ ግራጫ ዘንግ ብቅ ብሏል። ተንግስተን ነው፤ የመሰርሰሪያ ጫፍ የሚሠራበት ብረት። ክብደቱ ከወርቅ እኩል ስለሆነ ሚዛን አይዘውም። እንዲህ ያለ ዘንግ አስቀድሞ ቅርጹ ውስጥ ከተቀመጠ፣ የሚፈስሰው ወርቅ ዙሪያውን አልብሶ ይሸፍነዋል። ይህን ማድረግ የሚችለው የሚያፈሰው ሰው ብቻ ነው።

«ምንድነው እሱ?» አለች ሴትዮዋ።

«ወርቅ አይደለም» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ወንድሜ ፈጠን ብሎ፣ «እናንተ ቤት ስንት ጊዜ ቆይቷል፤ ማን ምን እንዳደረገው በምን ይታወቃል?» አላት።

«እኛ ቤት ወርቅ የሚቀለጥበት ምድጃ አለ እንዴ ወንድሜ?» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ትንሿ ልጅ የትልቋን እጅ ያዘች።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ በናትሽ ዝም በይ። ማኅተሙ ያንቺ ነው። አላውቅም ብትይ ማን ያምንሻል?»

ወይኔ ጉዴ! አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ በገዛ ማኅተሜ ጠፍሮኝ ቆሟል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል እሰማ ነበር፤ ለኔ ነው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ልመታው እጄ ተነሳ፣ ተመልሶ ወረደ።

ካዝናውን ከፈትኩ። የራሴ ጥፍጥፍ እዚያ ነው፤ የእናታችን አምባርና ጉትቻ ቀልጦ የወጣ፣ የእርጅናዬ መያዣ። ጧሪ ልጅ አልወለድኩ፤ ወንድሜ ይጦረኛል፣ ባይሆንለት ይሄ ይጦረኛል እል ነበር። አውጥቼ መስፉ ላይ አስቀመጥኩት።

«የአባታችሁ ወርቅ በኔ ማኅተም ጠፍቷል» አልኳቸው ልጆቹን። «ከኔ ላይ ቆርጬ እተካላችኋለሁ። አይዟችሁ።»

መዶሻውን አነሳሁ። ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ።

«እትዬ፣ እሱን ተይው።»

«ልቀቀኝ! የራሴ ነው፣ ብፈልግ እበትነዋለሁ!»

«አውቃለሁ። ግን ተይው።»

ዓይኑን ፈለግኩ። ወለሉን ያያል።

«የእናታችንንም?» አልኩት።

«ልመልሰው ነበር፣ እትዬ። እውነቴን ነው፤ ለጊዜው ብዬ ነው እንጂ…»

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። መቁረጥ አላስፈለገኝም። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተነስታ፣ የኔን ጥፍጥፍ አይታ፣ እኔን አየችኝ። ያዘነችው ለኔ ነበር፤ ወርቋን የተበላችው ሴት ለኔ አዘነች! እሱ ነው ከሁሉም ያንገበገበኝ።

«ልጆችሽን ይዘሽ ተቀመጪ፣ እህቴ» አልኳት። «ፖሊስ እስኪመጣ የትም አትሂዱ። የማውቀውን ሁሉ እኔው ራሴ እናገራለሁ፤ ሱቁም ይሸጥና የልጆችሽ ይመለሳል።»

«እትዬ!» አለ ወንድሜ፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ። «ፖሊስ ልትጠሪብኝ? እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ!»

«ልጄ ነህ» አልኩት። «ለዚህ ነው ሆድህን ቀድጄ አይቼው የማላውቀው።»

ስልኩን አነሳሁ።