ለሚስቴ አትክልተኛ የሚበቃ ራም

ሚስቴ ሌላ ሰው እንዳላት ያወቅኩት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ሰውየው ኮሪደር ላይ ቆሟል። በእጁ ሳሕን ይዟል፤ አንድ እግሩ መሬት አልነካም። እንደዚያ እንደቆመ ሁለት ደቂቃ ሆኖታል።

«ይኸው ደግሞ ቆመ» አለች ሚስቴ፣ የላፕቶፑን ጎን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች።

«ደክሞት ነው፤ ተይው ይረፍ» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት አማቴ።

ሚስቴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ሳምንቱን ሙሉ የሐኪም ጽሑፍ ስትፈታ ትከርምና ቅዳሜ ሲመጣ ጌሟን ትከፍታለች። ጌሙ ማሸነፍም መሸነፍም የለውም። ሰው ትፈጥራለህ፣ ቤት ትሠራለታለህ፣ ሥራ ታስይዘዋለህ፤ ከዚያ ሲኖር ታየዋለህ። እሷም ራሷን የምትመስል ሴት ፈጥራ፣ ማንንም የማይመስል ባል ሰጥታታለች። ማንንም ስል እኔን ማለቴ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ ሥራው አትክልተኛ። እራት በተበላ ቁጥር ማንም ሳይነግረው ተነሥቶ ዕቃ ያጥባል።

«ደመወዙ እንዴት ነው?» አሉ አማቴ።

«ሰሞኑን እድገት አግኝቷል፣ እማዬ።»

«ጠባዩስ?»

«ስፈጥረው ረጋ ያለ ብዬ መርጬለታለሁ።»

አማቴ ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «መምረጥ ሲቻል ጥሩ ነው» አሉ።

እኔ ላፕቶፕ ጠጋኝ ነኝ። ከአራት ወር በፊት ሚስቴ «ይኼ ነገር ሳይቆም እንዲሄድ ምን ያስፈልገዋል?» ብላ ጠይቃኝ፣ እንደ ባለሙያ ቁጭ አድርጌ አስረድቻታለሁ። አንደኛ፣ ሃርድ ዲስኩ የድሮ ስለሆነ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ይቀየራል። ሁለተኛ፣ ራም የሚባለው የሥራ ማስታወሻው ስምንት ጊጋ ነው፣ አሥራ ስድስት ይሁንለት። ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርድ ለብቻው ስላልሆነ አይቀየርም፤ እሱም ከራሙ እየተበደረ ነው የሚኖረው፣ ራሙ ሲጨመር እሱም ይጠግባል። ማራገቢያው ይጸዳል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም አንጎሉ፣ እንዳይግል ፓስታ የሚባለውን ቅባት እንደ አዲስ ይቀባል። «ነገ አደርገዋለሁ» አልኳት። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም።

በሥዕል መቅናት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን ሰውየው በመጨረሻ ተንቀሳቅሶ ሳሕኑን መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ሚስቴ «ጎሽ የኔ ጌታ» አለችው። እኔ ባለፈው ሳምንት የቧንቧውን ጎማ ስቀይር የተባልኩት «ወለሉን አርጥበኸዋል» ነው።

ሰኞ ላፕቶፑን «ላጽዳልሽ» ብዬ ወደ ሱቄ ወሰድኩት። ሽፋኑን ፈታሁ። ሁለት ባለ አራት ጊጋ ራም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱን ነቀልኩና መሳቢያ ውስጥ ጨመርኩት። ሽፋኑን መልሼ ስገጥም እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ የሰውን ትዳር የሚያፈርስ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል የሚባለው ለካ ወሬ ነው።

ቅዳሜ አትክልተኛው ከአልጋው ለመነሣት አንድ ሰዓት ፈጀበት። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሰውየው ሲመጣ ልብሱ ይቀድማል፣ ፊቱ ቆይቶ ይደርሳል። የቤቱ ግድግዳ አንዴ ይኖራል፣ አንዴ የለም።

«ጭራሽ ባሰበት» አለች ሚስቴ።

«ማሽኑ አርጅቷል» አልኳት ዐይን ዐይኗን እያየሁ። «ፕሮሰሰሩ አልቻለም። ምንም የሚደረግለት ነገር የለም።»

«ዐይን ገብቶበት ነው» አሉ አማቴ። አማቴ አንዳንዴ ልክ ናቸው።

ሚስቴ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ከሱቅህ በላይ ፎቅ ላይ ላለው ሰውዬ ላሳየው» አለች።

ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሽፋኑን በከፈተ በሠላሳ ሰከንድ ባዶውን ቀዳዳ ያየዋል፤ አይቶም ዝም አይልም። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው፦ የሚስቴን ላፕቶፕ እሱ ሠርቶላት «ጎሽ የኔ ጌታ» ብትለውስ?

«ለምን ሰው ታስቸግሪያለሽ? እኔ አንዴ ደግሜ ልየው» አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን እንደከፈትኩ ለደንበኛ እንኳ ያላደረግኩትን አደረግኩ። ሁለት ባለ ስምንት ጊጋ ራም ሰካሁ። አዲስ ኤስኤስዲ ገጠምኩ፣ ማራገቢያውን በብሩሽ አጸዳሁ፣ ደርቆ የተሰነጠቀውን ፓስታ ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ከዚያም ጌሙን ከፍቼ ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ። ለካ ሚስቴ ማሽኑ እንዳይጨናነቅ ብላ የሰፈሩን ነዋሪ ቁጥር ከሁሉ በታች አድርጋዋለች፤ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሙያዬን ላሳይ ብዬ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ገፋሁት።

ቅዳሜ ጌሙ እንደ ውኃ ፈሰሰ። አትክልተኛው ተነሣ፣ ታጠበ፣ ቁርስ ሠራ፤ አንዴም አልቆመም። ሚስቴ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። ስምንት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ያን ዕለት ብቻ ፍሬ ያፈራ መሰለኝ።

ከዚያ የአትክልቱ በር ተንኳኳ። ሰፈሩ ሞልቷል አይደል፤ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ጎረቤት ሳሕን በእጇ ይዛ ገባች። አትክልተኛው ጽጌረዳውን ትቶ አጠገቧ ቆመ። ሳቀች። እሱም ሳቀ። በጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ቀይ ልብ ብቅ አለች።

«እሷ ደግሞ ማን ናት?» አለች ሚስቴ።

«ጎረቤት ናት» አልኳት።

«ጎረቤት ከሆነች ለምን ክንዱን ትነካዋለች?» አለችና ሰውየውን ወደ ቤት እንዲገባ አዘዘችው። ገባ፤ ግን መልሶ ወጣ። ጆሮዋ ቀላ። «ራሙ ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ራም ሰው አያባልግም።»

«እኔ ድሮም ዝምታው አላማረኝም ነበር» አሉ አማቴ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ የሚስቴን ፊት አየሁት። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ዐይኗ ከባለ ቀይ ቀሚሷ ጎረቤት ላይ አይነሣም። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። በስምንት ዓመት ትዳራችን ውስጥ አንድ ቀን የት አመሸህ፣ ከማን ጋር አወራህ ብላኝ አታውቅም። ለዚህ ለአሥራ ስድስት ጊጋ ሰው ግን ጆሮዋ ይቀላል።

«አንዱን ራም እኔ ነኝ የነቀልኩት» አልኳት ሳላስበው።

«የቱን?»

«ያኔ ሲብስበት። ማሽኑ አላረጀም ነበር። በሱ ቀንቼ ነው።»

ሚስቴ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች። አትክልተኛውና ጎረቤቲቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«በማን?»

«በሱ። ለሱ እንዲህ ትሆኛለሽ፤ እኔን አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ?» አለች በእውነት ገርሟት። «ቤትና ሱቅ ነህ።»

ይኼኛው ከሁሉም በላይ አመመኝ። የእሷ ግንባር ግን መሰብሰብ ጀመረ።

«ቆይ። ዐይን ዐይኔን እያየህ ማሽኑ አርጅቷል ያልከኝ፣ ያንን ራም ነቅለህ ደብቀህ ነው?»

«አዎ።»

«ፊትህ እንኳ ሳይለወጥ?»

«ሳይለወጥ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እናቷ እንዳዩኝ አይደለም፤ አዲስ ሰው ቤቷ ውስጥ እንዳገኘች ነው ያየችኝ። እጇን ዘረጋች።

«ስልክህን አምጣው።»

ሰጠኋት። በአውራ ጣቷ ወደ ታች እየገፋች ማንበብ ጀመረች። መሐል ላይ ቆመች።

«ይቺ ሴትዮ ማክሰኞ ብቻ ሦስት ጊዜ ደውላለች። ምን ፈልጋ ነው?»

ሴትዮዋ ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ የሚደውሉት የኪቦርዳቸው ዕቃ ስላልመጣ ነው። መልሱ አንድ ዐረፍተ ነገር አይሞላም።

«የቷ ሴትዮ?» አልኳት፣ ድምፄን ትንሽ ዝቅ አድርጌ።

የሚስቴ ጆሮ ቀላ። አማቴ ወንበራቸውን ከላፕቶፑ ወደ እኔ አዞሩት።