ከጎረቤት የመጡ አምስት ቃላት

የግራው እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙ በግራ መሰፋቱን ያየችው ደንበኛው አዲሱን ኮት ለብሶ መንገዱን ከተሻገረ በኋላ ነው። ክንዶቹ ወደ ኋላ ተስበው፣ ፊጥኝ ሊታሰር የሚሄድ ሰው መስሏል። ልትጠራው አሰበችና ተወችው። ኮቱን የሰፉት አባቷ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አርባ ዓመት «ሚሊሜትር» እያለ የሚጠራቸው ልብስ ሰፊ።

«ምን ፈዘሽ ቀረሽ?» አሉ ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ። «ደግሞ ምን ሟርት ታየሽ?»

«ምንም አባዬ።»

ሟርተኛ ይሏታል። ልጆቿ ካሳሉ ሳንባ፣ ስልክ ከጮኸ መርዶ የሚታያት ሴት ናት። አሁን ግን የታያት የዛሬ ዓመት የሠራችው ሥራ ነው።

ያኔ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሰፈሩን አዛውንቶች የማስታወስ ችሎታ ስትመረምር፣ ጎረቤታቸው አንድ ቀን ቀድመው ተመርምረው መጡ። «አምስት ቃል ትነግርህና ቆይታ መልሰህ በል ትልሃለች። ወንበር፣ ዝናብ፣ ሎሚ፣ ድልድይ፣ ቀይ። የሕፃን ጨዋታ ነው» አሉ። እሷ ደግሞ በዚያው ሰሞን አባቷ እጃቸው ላይ ያለውን መቀስ ፍለጋ ሱቁን ሲያምሱ አይታለች። ፈተናውን ቢወድቁ መቀሱን የሚቀሟቸው፣ ሱቁን የሚያዘጓቸው መሰላት። ማታውኑ ቃላቱን አስጠናቻቸው።

«በስተርጅና ተማሪ ቤት አስገባሽኝ» እያሉ፣ ፔዳሉን እየረገጡ ሸመደዱ። በማግስቱ አንድም አልሳቱ። ነርሷም «ደህና ናቸው» ብላ ጻፈች።

ኮቱ በሄደ በሦስተኛው ቀን ይዛቸው ሄደች። ነርሷ ያችው ናት፤ ቃላቱ ግን ተቀይረዋል።

«አባባ፣ አምስት ቃል ልንገርዎት። ማንኪያ፣ ወንዝ፣ ጫማ፣ ደብዳቤ፣ ጥቁር። እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገሙ። ከዚያ ሰዓት ሳሉ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ክሩ እንደተሳበበት ጨርቅ ወደ አንድ ጎን ተሰብስበው ቀሩ።

«ቅድም የነገርኩዎት ቃላትስ?»

አባትየው ቀና ብለው ተቀመጡ። «ወንበር፣ ዝናብ፣ ሎሚ፣ ድልድይ፣ ቀይ» አሉና ልጃቸውን ጠቀሷት።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እነዚህ እኮ የአምናዎቹ ናቸው። የዛሬው ሁሉ ጠፍቶ እነዚህ እንዴት ቀሩ?»

«እኔ ነኝ ያስጠናኋቸው» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ነርሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ አወጣቻት።

«ሐኪም ጋ እልካችኋለሁ። ቁርጡን የሚነግራችሁ እሱ ነው።»

«አምና ብናውቅ ይድኑ ነበር?»

«የምፈራው በሽታ ከሆነ መዳኛ የለውም። ግን አምና ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ሱቁ ለማን እንደሚሆን፣ ሲብስባቸው የት መኖር እንደሚሹ፣ ማን እንዲያጥባቸው። አሁን ማንን እንጠይቃለን?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሷ የፈራችውን እጁን ይዛ ነው ያስገባችው።

ሐኪሙም ከነርሷ ፍርሃት የተለየ አልተናገረም። ሱቁ ተዘጋ፤ አባቷን ቤቷ አመጣቻቸው።

«አባዬ፣ እዚህ ከእኔ ጋር መኖር ትፈልጋለህ?»

«ሱቁን ማን ይከፍታል?» አሉ። በማግስቱ ጠየቀች፤ መልሱ ያው ነበር። ሦስተኛ አልጠየቀችም።

ሁለት ጊዜ በጨለማ ወደ ሱቁ ሲሄዱ ሰዎች ከመንገድ ከመለሷቸው ወዲህ፣ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ አስገጠመች። ልጆቿን አስተኝታ ልትቆልፍ ስትል፣ አባቷ በካልሲ ከኋላዋ ቆመዋል።

«እሜቴ» አሉ በትሕትና፣ «ትንሽ ቢታገሱ። ልጄ ገና አልገባችም።»

«ገብታለች፣ አባዬ።»

«አላየኋትም። ፈሪ ናት፤ ደጅ ማደር አትችልም።»

ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችና ነቅላ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።