አቴንዳንስ የፈረምኩ ቀን

የሰደበኝ ሸዋንግዛው ነው። ሐሙስ፣ ግንቦት ሰባት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ልደታ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ አሥራ አንድ ሰው ፊት። «አንተ እዚህ የተጠራኸው ጎመን ስለምታጠጣ ነው እንጂ ስለምታስብ አይደለም» አለኝ። በዕድሜ አባቱ እሆናለሁ፤ አንተ አለኝ። የሳቁትንም አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

የመንግሥት እርሻ መሬት አማካሪ ኮሚቴ ነው የሚባለው። እሱ ሰብሳቢ፣ እኔ የገበሬዎቹ ተወካይ። የተሰበሰብነው ወንዙ ዳር ላለው የጎመን መሬት ነበር፤ እኔና ጎረቤቴ ዙሃራ ለዓመታት ላረስነው። እርሻነቱ ይጠበቅ ወይስ የመኪና ማቆሚያ ይሁን? ይጠበቅ ብዬ ተሟገትኩ። ያኔ ነው የሰደበኝ። ቂሙን ያዝኩ።

ሰኔ ላይ ዙሃራ የቤቴን በር በቡጢ ደበደበችው። «ጋሽ ዘነበ! ዶዘር ገብቷል፣ ይድረሱ!»

ስደርስ ዶዘሩ የእሷን ቆስጣ ጨርሶ የኔን ጥቅል ጎመን ይፈጫል። በድንጋይ መስታወቱን አረገፍኩት። ሁለት ጥበቃዎች በቆመጥ ወረዱብኝ፤ አንዱ ጉልበቴን፣ አንዱ ጆሮ ግንዴን። የአንደኛውን እጅ ነከስኩ። ደሙ አፌ እስኪገባ አልለቀቅኩትም።

ሸዋንግዛው ዳር ቆሞ ወረቀት ያውለበልባል። «ምን ያስጮህሃል? ኮሚቴው እርሻው ይነሳ ብሎ መክሯል። ይኸው ፊርማህ!»

«እሱ አቴንዳንስ ነው! ስገባ የፈረምኩት!»

«ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዟል። ያልተስማማ ልዩነቱን ያስመዘግባል። አስመዝግበሃል?»

አላስመዘገብኩም። በር ላይ እስክሪብቶ ሲሰጡን ፈርመን እንገባለን፤ ሁሌም እንደዚያው ነው። ወረቀቱ በኋላ ከምን ጋር እንደሚያያዝ የጠየቀ የለም።

ኮሌታውን ይዤ አፍንጫውን በግንባሬ መታሁት። ሲሰበር ሰማሁት። ወደቀ፤ ፊቱን ጭቃ ውስጥ ደፈቅኩት። «በል እስቲ አሁን አንተ በለኝ!» ጥበቃዎቹ ባይጎትቱኝ ይሞት ነበር። አላዝንም ነበር።

ዙሃራ ወረቀቱን ከጭቃው አንስታ ስሜን አገኘችው። ቀጥሎ የማውቀው የአካፋዋ እጀታ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ነው።

«ፈርመዋል ወይስ አልፈረሙም? አይኔን እያዩ ይንገሩኝ! ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

ጎመኑ እግሬ ሥር ተድጧል። ደሙን በእጅጌዬ ጠረግኩና ዳገቱን ወደምኖርበት ኮንዶሚኒየም ተያያዝኩት። «ጋሽ ዘነበ! ይመልሱልኝ እንጂ!» ትላለች ከኋላዬ። ሄድኩ።