ፈረንጁ የጠቆመው ሰው

እኔ ይመኙሻል ነገር አላሳድርም። መጽሐፍ ማንበብ አልችልም፤ ያነበበ ሰው መጥቶ ባሌን ሌባ ሲለው ግን ዝም ብዬ አልቀመጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ጎጃም ውስጥ፣ ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አምና የእድራችን ድንኳን ከዕቃ ቤት ተሰረቀ። ከዚያ ወዲህ ሬሳ ሸኝተን ስንመለስ ለቀስተኛው የሚቀመጠው ፀሐይና ዝናብ ላይ ነው። ሽማግሌዎች እንደ ድሮው አውጫጭኝ ጠሩ፤ አገሬው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ዋለ። በአውጫጭኝ ያየ የሰማ ሰው ስሙ ሳይነሣ ለሽማግሌ ሹክ ይላል፤ እሱን ወፍ እንለዋለን። ወፍ አይጠየቅም። ራሱን ማጥራት ያለበት ወፍ የጠቆመው ሰው ነው። ያን ጊዜ ግን ወፍም ጠፋ፣ ድንኳኑም በዚያው ቀረ።

ዘንድሮ የአገራችን ልጅ በላቸው መጽሐፍ አወጣ ተባለ። ደብረ ማርቆስ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። መጽሐፉ ስለ አንድ የድሮ እንግሊዛዊ መርማሪ ነው አሉ። የፈጠረው ደራሲ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መርማሪውን ግን የዛሬ ጸሐፊ ሁሉ ከመቃብር እየቀሰቀሰ ወዳሻው አገር ይልከዋል። አንዱ ያስረጀዋል፣ አንዱ ሚስት ያጋባዋል። የኛው በላቸው ደግሞ አባይን አሻግሮ፣ የደጀንን አቀበት በበቅሎ አውጥቶ፣ የተሰረቀ የእድር ድንኳን እንዲያፈላልግ እኛ ዘንድ አመጣው።

ደስታችን ለጉድ ነበር! በማኅበር ቀን የጤና ኬላዋ ሕሊና ጮክ ብላ አነበበችልን። ፈረንጁ የሰውን ጫማ አይቶ የመጣበትን መንደር ሲናገር፣ «ይሄስ ደብተራ ነው!» እያልን ሳቅን። መጨረሻው ላይ ፈረንጁ ጣቱን ቀሰረ። ድንኳኑን የሰረቀው ግራ እግሩን የሚያነክሰው የዕቃ ቤት ጠባቂ ነው አለ።

የኛ እድር ዕቃ ቤት ጠባቂ ባሌ አበረ ነው። ግራ እግሩን ያነክሳል።

የሚስቅ ሰው ጠፋ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ወፉ ዘገየ እንጂ መጣ» አለ። ሕሊና፣ «ኧረ በማርያም፣ ልቦለድ ነው!» ብትል ማን ሰምቷት! በላቸው የአገሩ ልጅ ነው፣ ያየው ነገር ባይኖር አይጽፍም አሉ፤ ስም አለመጥራቱም የወፍ ደንብ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ባሌ እድር ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ፈቀቅ ይላል። ሰላም የሚሉት በአገጫቸው ነው። አበረ ደግሞ አፍ የለው! እህል አልወርድ አለው። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተን ደጀን እንግባ ያለኝ ቀን ግን አንጀቴ ብጥስ አለ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ የማርቆስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

በላቸውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ደነገጠ።

«እታለም፣ ልቦለድ እኮ ነው! ከራሴ የፈጠርኩት ነው» አለና ሊስመኝ ተጠጋ።

«አትሳመኝ! የሞተ ፈረንጅ አስነሥተህ በቁሙ ያለውን ባሌን ቀበርከው። ምን በደለህ? ያን ሁሉ ሰው ትተህ እሱን ምን አስመረጠህ?»

አቀረቀረ። «በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ሌባው ማንም የማይጠረጥረው ሰው መሆን አለበት። ከአገሩ ሁሉ የታመነ ሰው ስፈልግ አያ አበረ መጣብኝ።»

በጥፊ ልለው የተነሣ እጄ እዚያው ቀረ። ባሌን እንዲህ ያመሰገነው ሰው የለም፤ እንዲህ ያዋረደውም የለም። «ና፣ ይህንኑ እነሱ ፊት ተናገር» አልኩት። እውነት ለመናገር፣ አላንገራገረም፤ መጣ።

እሑድ እድሩ ተሰብስቦ በላቸው መሐል ቆመ። ምንም እንዳላየ፣ ሌባውንም እንደማያውቅ ምሎ ነገራቸው።

«ታዲያ ፈረንጁ በምን አወቀ?» አሉት የእድሩ ዳኛ ጋሽ መሳፍንት።

«እንዲያውቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሌባው ካልተያዘ መጽሐፉ አያልቅማ።»

ጋሽ መሳፍንት አሰብ አደረጉና፣ «እንግዲያው ሌላ ጻፍ» አሉ። «ፈረንጁ ተመልሶ ይምጣና ተሳስቼ ነበር ይበል፤ ትክክለኛውን ሌባ ያውጣ። በመጽሐፍ የጠፋ ስም በመጽሐፍ ይንጻ።»

«ይጻፍ! ይጻፍ!» ተባለ። እኔማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሰይ፣ የባሌን ስም ላስመልስ ነው!

በላቸው ግን ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። «እሺ፤ ማንን ላድርገው?» አለ።

ዓይኑ ያረፈበት ሁሉ አቀረቀረ። አንዱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ፤ አንዷ ለተኛ ልጇ ጡት አጎረሰች። ጋሽ መሳፍንት ራሳቸው ምርኩዛቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሆዴ ሰው እየመረጥኩ ነበር።

አበረ ተነሣ።

«ማንንም አታድርግ» አለ። «ነገ ደግሞ የሌላው ሚስት ማርቆስ ድረስ ትሮጣለች። እኔው ልሁን። እኔ ለምጄዋለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይሄን ያህል የለፋሁት ለዚህ ነው? ጋሽ መሳፍንት ተነሥተው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ አበረ ደንግጦ ቀድሞ ደገፋቸው። ብዙ ሰው አለቀሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሌን በክፉ ዓይን ያየው የለም፤ ስለ ሌላ መጽሐፍም ያነሣ የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን አልቻልኩም። ካቀረቀሩት መካከል አንዱ ድንኳኑን የወሰደው ነው እኮ! በላቸው ዓይኑን ሲጥልበት ነፍሱ ከሥጋው ሳትለይ አልቀረችም።

«አንተ ሰው» አልኩት፣ «ሌባውንም እኮ ነው ያዳንከው። ይሄን ታውቀዋለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ከማን ጋር እንኑር?» አለኝ።