ቅናሹ እስኪጨምር

ከበበው ገንዘብ የለውም የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ገንዘቡ አለ። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ዓርብ ዓርብ በውስጥ ኪሱ ሆኖ ከተማውን ይዞራል። የጎደለው ገንዘቡ ሳይሆን መግዛቱ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ሰብለወርቅ ናት፤ ዓርብ የእሷም የዕረፍት ቀን ነዋ። ጅቡቲ ውስጥ፣ ሆዳን ሰፈር ማዳም ኢማን ቤት እያደረች ትሠራለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ስታበስል፣ ስታጥብና የሰው ልጅ ስታባብል ትከርምና ዓርብ ሲደርስ ሻሿን አሳምራ ትወጣለች። ከበበው ፀሐይዋ በረድ ስትል ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልሎ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። ከዚያ እየበሉ፣ እያወሩ፣ እየተጎሻሸሙ ካርትዬ ሁለት ሰፈር ድረስ በእግር ይሄዱና ዓብዱረዛቅ ሱቅ መስኮት ፊት ይቆማሉ። ሌላው ፍቅረኛ ባሕሩ ዳር ሄዶ ማዕበል ያያል። እነሱ ላፕቶፕ ያያሉ።

ላፕቶፑ ጥቁር ነው። «ፕሮሞ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የድሮው ዋጋ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ አዲሱ ከሥሩ ተጽፏል። ዋጋው የተቀነሰው እንከን ኖሮበት አይደለም። የጅቡቲ ተማሪ የለመደው ፊደሎቹ በፈረንሳዮቹ አሠራር የተደረደሩበትን ነው፤ ይህኛው የእንግሊዞቹ ስለሆነ የሚነካው የለም። ለሐበሻ ግን የሚመቸው እንዲህ ያለው ነው። ዓብዱረዛቅ ራሱ «ይሄ ዕቃ እንደኛው ስደተኛ ነው፣ ዘመድ ነው የሚፈልገው» እያለ አቧራውን ያራግፍለታል።

እንግዲህ የሁለቱም ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ ዕቃ ላይ ነው። ዕቅዱን ያወጣው ከበበው ነበር፤ ሲናገረው ደግሞ እንደ ማር ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑ ይገዛል። ቀጥሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮችና የቤት ሠራተኞች እየመጡ ማመልከቻ በአማርኛ ያስጽፋሉ፣ አገር ቤት ካሉ ልጆቻቸው ጋር በስካይፕ ይተያያሉ። ሥራው ሲቆም ሰብለወርቅ ከሰው ቤት ትወጣለች። ከዚያ ሠርግ። ይህ ማር ከተነገረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

«ለመሆኑ ኮምፒውተር ታውቃለህ?» ብላው ነበር ያኔ።

«እኔ? በኮምፒውተር መሀል አይደል እንዴ የምውለው!»

ሐሰት አልተናገረም። የሚሠራው ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቢሮው ደግሞ በኮምፒውተር የተሞላ ነው። ሰብለወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰውዬ በልቧ ሣለች። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ የሚሮጡ፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ የሚጠብቀው። ድስት ስትፈትግ ይህን ሰውዬ እያሰበች ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ ዓርብ ሲገናኙም ለከበበው ስለሱ አውርታ አትጠግብም።

ግዢው ላይ ሲደረስ ግን ነገር ይጎተታል። በመጀመሪያ ከበበው «ረመዳን ይግባ፣ ነጋዴ በጾም ወቅት ይራራል» አለ። ረመዳን ገባ። «አሁን የሚገዛ ሞኝ ነው፣ የሚወርደው ለዒድ ነው» አለ። ዒድ መጥቶ አለፈ። «ትምህርት ሊከፈት ሲል ዕቃ ይወደዳል፣ ይከፈትና እናያለን።» ትምህርት ተከፈተ። «የፈረንጆቹ ዓመት ሲለወጥ አዲስ ሞዴል ይገባል፤ ያኔ ይሄን የሚያየው የለም።» አዲስ ሞዴልም ገባ፤ እውነትም ይኸኛው ወረደ። ከበበው ሎተሪ የደረሰው ያህል ዘለለ።

«አየሽ? አላልኩሽም? መውረድ የጀመረ ነገር ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ትንሽ ብቻ እንታገሥ።»

«ኧረ እንግዛና እንገላገል!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ሰብልዬ።»

«ያልቸኮለውስ ምን ለቀመ?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉማ ሄደ። አንተን ነው እዚሁ ትቶህ የሄደው።»

ይስቃሉ፤ ሳምቡሳቸውን ይጨርሳሉ፤ ይለያያሉ። እንዲህ እያሉ የስንቱን በዓል ቅናሽ ሸኙ።

ታዲያ አንድ ሰሞን የማዳም ኢማን ባል ሥራው ወደ ዱባይ ተዛወረ። ማዳም ሶማልኛና ፈረንሳይኛ በተደባለቀበት አነጋገሯ ሰብለወርቅን አስቀመጠቻት። ልጆቹ ያላንቺ አይሆኑልኝም፣ ደመወዝሽን እጥፍ አደርገዋለሁ፣ እንሂድ አለቻት። ቅዳሜ ጠዋት ፓስፖርቶቹ ለቪዛ ስለሚላኩ ዓርብ ማታ መልሱን ትፈልጋለች።

ሰብለወርቅ መሄድ አትፈልግም። ሌላ አገር ሄዳ ደግሞ የሌላ ቤት ወለል ልትወለውል? ግን እዚህስ ምን ይዛ ትቅር? በመስኮት የሚታይ ዕቃ ይዛ? ለከበበው ብነግረው ይገዛል ብላ አሰበች፤ አስቦም ይሁን ፈርቶ ይገዛል። እሷ ደግሞ እንዳትሄድበት ፈርቶ እንዲገዛ አልፈለገችም። ወዶ እንዲገዛ ነው የፈለገችው። ወዶ የሚገዛበትን ቀን ግን ትንሽ ብታቀርበው ኃጢአት አይሆንባትም።

ረቡዕ ለገበያ ስትወጣ ዓብዱረዛቅ ሱቅ ገባች። ዓብዱረዛቅ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ፀጉሩ ቢሸብትም አንቱታ አይወድም።

«ጋሼ፣ የዚያን ላፕቶፕ ዋጋ ጉዳይ ነበር...»

«አቦ ተይኝ! ከዚህ በታች ከሸጥኩ ቆዳዬን ነው የምሸጠው።»

«እንድትቀንስ አይደለም። እንድትጨምር ነው።»

ዓብዱረዛቅ ግንባሩ ላይ የነበረውን መነጽር ወደ ዓይኑ አወረደና በደንብ አያት።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

«ዓርብ አብረን ስንመጣ ‹ቅናሹ ዛሬ ያበቃል፣ ከነገ ጀምሮ የድሮው ዋጋ ነው› በለው። ካልደነገጠ አይገዛም።»

ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። «ወላሂ፣ በንግድ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ዋጋ ጨምርልኝ ብሎ የለመነኝ ደንበኛ አንቺ ብቻ ነሽ። ሠርጉ ላይ ግን ካልጠራችሁኝ ኋላ እንጣላለን።»

«አንተማ ሚዜ ነህ።»

ዓርብ ሲደርስ፣ መቼም ዓብዱረዛቅ ነጋዴ እንጂ ተዋናይ አይደለም፣ ገና ከበራፉ ሲያያቸው ራሱን ይዞ ተቀበላቸው። «ወይኔ ከበበው! ወይኔ ወንድሜ! ዛሬ ነው የመጨረሻው! ከነገ ጀምሮ ቅናሽ የሚባል የለም፤ አለቀ፣ ሞተ፣ ተቀበረ!» አለና ለሰብለወርቅ ዓይኑን ጠቀሳት። ያን ጥቅሻ መንገድ ማዶ ያለ ሰው እንኳ ያየዋል። ከበበው ግን አላየም። ፊቱ አመድ መስሎ ላፕቶፑን ብቻ ነበር የሚያየው።

እጁ ወደ ውስጥ ኪሱ ሄደ። እዚያው ትንሽ ቆየና ባዶውን ተመለሰ።

«እንግዲህ... ይመለስ» አለ። «የወጣ መውረዱ አይቀርም። እንጠብቃለን።»

በዚህ ጊዜ ሰብለወርቅ መቀለዱ አስጠላት። ተናደደች፤ ከንዴቱም በላይ ከፋት።

«አንተ ጠብቅ» አለችው። «እኔን ማዳም ኢማን ዱባይ ልትወስደኝ ነው። መልሱን ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ዱባይ ደግሞ ላፕቶፕ ርካሽ ነው አሉ፤ ደርሼ ዋጋውን እልክልሃለሁ።»

የገዛ ተንኮሉ እጁ ላይ የፈነዳበት ዓብዱረዛቅ እንደምንም ነገሩን ሊያበርድ ላፕቶፑን ከመስኮቱ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው።

«ተዉ እንጂ፣ ተዉ! እዩት፣ አማርኛውንም ለእናንተ ብዬ ጭኜበታለሁ። ና ከበበው፣ ቁጭ በል። ስሟን ጻፍላት። ስሟን እዚህ ላይ ካየች የት ትሄዳለች?»

ወንበሩንም ሳበለት። እንቢ ማለት ያስነውራል፤ ከበበው ተቀመጠ። መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። ጣቶቹን ከቁልፎቹ በላይ አንዣበበና እንደ ጋለ ምጣድ ሳይነካቸው ቀረ። ከዚያ አጎንብሶ ይፈልግ ጀመር፤ ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ። ማራገቢያው ራሱ ላይ እየዞረ ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«ምን ጠፋህ?» አለችው ሰብለወርቅ።

ከበበው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰ የት አለ?»

እዚያ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሰ የለም። ሀም ለም የለም። ያለው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ እሱን እየነኩ ነው አማርኛውን የሚያወጡት። ይህን አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ አማርኛ የሞከረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰብለወርቅ ራሷ ኢንተርኔት ቤት ገብታ ለእህቷ ጽፋ ታውቃለች።

ዓብዱረዛቅ ድንገት ቻርጀሩ ትዝ አለውና ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ። ቻርጀሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«በኮምፒውተር መሀል ነው የምውለው አላልከኝም?» አለች ሰብለወርቅ።

«በመሀላቸው ነዋ የምውለው። አቧራቸውን እጠርጋለሁ። ወረቀት ወደ ጉምሩክ አመላልሳለሁ። ሻይ አመጣለሁ።»

«እና ዋጋው? ረመዳኑ፣ ዒዱ፣ አዲሱ ሞዴል?»

ከበበው ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ከምታስጠብቀኝ አንድ ቀን አላውቅም ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ይከብዳል» አለ። ዓይኑን ከሰሌዳው ላይ አላነሳም። «ስለዚያ ኮምፒውተር ስለሚያውቀው ሰውዬ ስታወሪ ፊትሽ ይበራ ነበር። ዕቃውን የገዛሁ ቀን እሱ ሰውዬ ይሞታል። ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው።»

ሰብለወርቅ ልትሰድበው ፈልጋ ነበር፤ ስድቡ አፏ ላይ ደርሶ ቀረ። እንባዋም መጣ፤ አላፈረችበትም። ያንን ሸሚዙ የተተኮሰውን ሰውዬ አሰበችው። እሱ አንድም ዓርብ መጥቶ አያውቅም። ትኩሳት ይዟት የተኛች ጊዜ ማዳም ኢማን አጥር ሥር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ብርቱካን ያስገባላት እሱ አይደለም። ሳምቡሳው ሚጥሚጣ የበዛበት እንዳይሆን ሻጯን በየሳምንቱ የሚጨቀጭቀውም እሱ አይደለም። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የማታውቀውን ሰው ስትጠብቅ፣ የምታውቀው አጠገቧ ቆሞ ያስጠብቃት ነበር።

ከበበው ግን ይህን ሁሉ ማሰቧን አላወቀም። ተነሣ፤ ፌስታሉን ከውስጥ ኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሽ ዓብዱረዛቅ!» ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ። «ቆጥረህ ውሰድ። በፈለግከው ዋጋ።»

«አሁን ምን አስገዛህ?» አለች ሰብለወርቅ።

«ዱባይ ስትሄጂ በምን ልጽፍልሽ ነው? እስክትደርሺ ሰን ማግኘቴ አይቀርም።»

ይህን ያለው እየቀለደ አልነበረም። እሷ ግን እንባዋን ሳትጠርግ ሳቋ አመለጣት። በዚያው መሀል ስልኳ ጮኸ፤ ማዳም ኢማን ናት። ሰብለወርቅ ከበበውን እያየች አነሣችው።

«ማዳም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ። እኔ አልሄድም... አይ፣ ደመወዙ አይደለም። እዚህ የማስተምረው ተማሪ አለኝ... አዎ፣ ፊደል... ኧረ ትንሽስ አይደለም፤ ጢም አለው።»

ከጓዳ የዓብዱረዛቅ ሳቅ ተሰማ። ቆይቶ ወጣና ገንዘቡን ቆጠረ፤ የወሰደው በቅናሹ ዋጋ ነው፤ የተረፈውን መልሶ ፌስታሉ ውስጥ ከተተለት።

ሰብለወርቅ ሌላ ወንበር ስባ ከበበው አጠገብ ተቀመጠችና በክርኗ ገፋ አደረገችው። «ኤስን ንካ። ያቺን፣ እንደ እባብ የተጣመመችውን።»

በአንድ ጣቱ ነካት። ስክሪኑ ላይ ስ ወጣች።

«ተሳስቷል! ስ ነው ያለው!»

«አልተሳሳተም። አሁን ኢን ጨምርበት።»

ፈለገ፤ አገኘ፤ ነካ። ስ ሰ ሆነች። ከበበው ደንግጦ እጁን አነሣ፤ እሷንም ስክሪኑንም እየተገላመጠ አየ፤ ከዚያ ብን ፍለጋ እንደገና አጎነበሰ። ትከሻው ትከሻዋን ነክቶ ነበር፤ አላራቀውም፣ እሷም አልራቀች። ሰብለወርቅ ስሟ ረጅም በመሆኑ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።