ኦቢ ፔትዌይ ኳሷን የጣለ ቀን

ወንድሜ ኦባዲያ ፔትዌይ በአላባማ ምድር ከሮጡ ልጆች ሁሉ ፈጣኑ ነበር የምለው እህቱ ስለሆንኩ አይደለም። ለኮሌጃችን የአሜሪካ ፉትቦል በተጫወተባቸው ዓመታት ያቺን እንቁላል መሳይ ኳስ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ከተነሳ የሚያቆመው አልተገኘም። ቅዳሜ ከሰዓት ከተማው ጭር ይል ነበር። ፓስተራችን ሳይቀሩ እሁድ ጠዋት፣ «ትናንት ኦቢ እንደሮጠው እኛም ወደ ጌታ እንሩጥ!» ይላሉ፣ ምእመኑም «አሜን!» እያለ ያጨበጭባል። እማዬ ብቻ ጨዋታ አይገባትም። ልጇን ጠልፈው በጣሉት ቁጥር ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «የማን ልጅ መሰላችሁ! እግዚአብሔር ያያችኋል!» እያለች ትጮህባቸዋለች።

በሰባ ስምንት መኸር ላይ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ከሉዊዚያናዎቹ ጋር ገጠምን። የትልልቅ ክለቦች ሰዎች ኦቢን ሊያዩ መጥተው ከላይ ተደርድረዋል። በጸደይ አንዱ ክለብ እንደሚወስደው የሚጠራጠር አልነበረም። በሦስት ነጥብ እየተመራን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ ለኦቢ ተሰጠችው።

ሊያቆሙት ከመጡት ሁለቱን አመለጣቸው። ሦስተኛው ዴልማስ ጊድሪ የሚባል ደልዳላ ልጅ ነበር፤ ከኦቢ ጋር ራስ ለራስ ተላተሙ። የሄልሜታቸው ድምፅ እኛ እስከተቀመጥንበት ድረስ ተሰማ። ዴልማስ ወደቀ፣ ኦቢ ተንገዳገደና ቀጥ ብሎ ሮጠ። ከፊቱ ሣርና የግብ መስመሩ ብቻ ነበሩ። ሙዚቀኞቻችን የድሉን ዜማ ጀመሩ። እኔ ከማላውቃት ሴት ጋር ተቃቅፌ እዘላለሁ።

ኦቢ የሚከተለው እንዳለ ለማየት ዞር አለ። ከዚያ ቆመ።

እግሩ የተሰበረ መሰለኝ። እሱ ግን ኳሷን ሣሩ ላይ ጣላትና ወደመጣበት ተመልሶ መሮጥ ጀመረ። መለከቱ መሀል ላይ ተቆረጠ። ከተቃራኒ ቡድን አንዱ ኳሷን አፈፍ አድርጎ ወደ እኛ ግብ ሲበር ማንም አልተከተለውም፤ የእኛ ልጆች እንኳ አፋቸውን ከፍተው ቆመው ቀሩ። ልጁ ብቻውን ሮጦ አገባ። ኦቢ ያኔ ዴልማስ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ዴልማስ ጥርሱን እንዲጠብቅለት የሚነክሰው ላስቲክ ጉሮሮው ውስጥ ተሰንቅሮ ፊቱ ጠቁሯል፣ እግሩ ይንፈራገጣል። ኦቢ መንጋጋውን ፈልቅቆ እጁን ከተተ። ላስቲኩን ሲያወጣው ጣቱ እስከ አጥንቱ ተነክሶ ደም በደም ሆኖ ነበር።

ዴልማስ ተነፈሰ። እኛ ተሸነፍን።

ከልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ላይ ስደርስ አሠልጣኙ፣ ኮች ስታንሲል፣ ከኦቢ ፊት ቆመዋል። ይጮሁበታል ብዬ ነበር፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ኳሷ የት አለች?» አሉት።

«ኮች፣ ልጁ እኮ እየሞተ ነበር።»

«ኳሷ የት አለች ነው ያልኩህ።»

ኮች ፊታቸውን አዞሩበት፤ ከዚያች ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሱለትም።

ጸደይ መጣ፣ ስሙን የጠራ ክለብ አልነበረም። ኳስ የሚጥል ሰው ማን ይፈልጋል? ሱቅ ስንሄድ ከኋላችን፣ «ኦቢ፣ እንቁላሉን እንዳትጥለው!» ይሉታል። ከምእመኑ አንዷ፣ እህት ላቮኒያ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እጁን ጨብጣ፣ «ጌታ ይቅር ይበልህ ልጄ፣ እኔ ግን ገና ነኝ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቼ ክው አልኩ። እሱ ሳቀ። ወረቀት ፋብሪካ ገብቶ ጡረታ እስኪወጣ ሠራ። ዴልማስ በየዓመቱ መኸር ሲሆን ከሉዊዚያና ቋሊማ ጭኖ ይመጣል፤ ሁለቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ጨዋታውን በሬዲዮ ይሰማሉ፣ ብዙም አያወሩም።

አምና ኦቢን ልቡ ቀጥ አለችና አጣነው። ለቀብሩ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ከሉዊዚያና መጣ። ዴልማስ፣ ሚስቱ፣ ሴት ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፤ ሲወርዱ አያልቁም። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ኮች ስታንሲል በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ መግባታቸው ነበር። ሞተዋል ብዬ ነበር የማስበው።

ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦ፣ ሽማግሌው ኮች ከዴልማስ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሹካቸውን አስቀመጡና፣

«አሁንም ኳሷን መጣል አልነበረበትም እላለሁ» አሉ። «ትንሽ ነበር የቀረው። አግብቶ መመለስ ይችል ነበር።»

የዴልማስ ታላቅ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ፤ እኔም ሰውየውን ከነወንበራቸው ወደ ውጭ ልገፋቸው ብድግ አልኩ። ዴልማስ እጄን ያዘኝ።

«ልክ ነዎት ኮች» አላቸው። «እኔም ብሆን አልጥላትም ነበር።»

«አባዬ!» አለች ልጁ።

«እውነቴን ነው። እሱ ወድቆ እኔ ብሮጥ ኖሮ፣ እምላችኋለሁ፣ ዞሬ አላይም ነበር። ይሄን በየዓመቱ ልነግረው እየመጣሁ፣ በየዓመቱ ቋሊማዬን አስረክቤ ሳልነግረው እመለሳለሁ። ባለፈው መኸር ግን ነገርኩት።»

«እና ምን አለህ?» አልኩት።

«"አውቃለሁ" አለኝ። "ዝም በል፣ ጨዋታውን አላሰማ አልከኝ" አለኝ።»

ኮች ስታንሲል አንገታቸውን ደፍተው ዓሣቸውን መብላት ቀጠሉ። እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ።